ሌዘሩ ለምን ያጠቁራል እንጂ አይቆፍርም? ብረት ላይ በፋይበር ሌዘር የመሥራት መመሪያ

በሳምንት ቢያንስ ሦስት ሰው ያንኑ ጥያቄ ይልክልኛል። «20 ዋት ፋይበር ሌዘር ገዛሁ። ስቴንለስ ላይ ስጽፍ ይጠቁራል፣ ቡናማ ይሆናል፣ ግን አይቆፍርም። ፓወሩን መቶ ፐርሰንት አድርጌዋለሁ። ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን?» ሌላው ደግሞ ተቃራኒውን ይዞ ይመጣል። ጥርት ያለ ጥቁር ጽሑፍ ፈልጎ ሻካራ ግራጫ ጉድጓድ ወጥቶለታል።

አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ደህና ነው። እነዚህ ማሽኖች ብርሃኑን እንደ አምፖል ያለማቋረጥ አይለቁትም፤ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየቆራረጡ ነው የሚለቁት። እያንዳንዱ ቁራጭ ፐልስ ይባላል፤ እኔ እዚህ ምት እለዋለሁ። ያው 20 ዋት በጥቂት ከባድ ምቶች ሲከፋፈል ይቆፍራል፣ በብዙ ቀላል ምቶች ሲከፋፈል ያሞቃል። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

የምጠቅሳቸው ቁጥሮች በብዙ ሱቅ ለሚገኘው ማሽን ናቸው፦ 20 ዋት፣ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት 1064 ናኖሜትር፣ 110 በ110 ሚሊሜትር የሚጽፍ ሌንስ ያለው። የእናንተ 30 ወይም 50 ዋት ከሆነ ቁጥሩ ይለወጣል፤ አካሄዱ ግን ያው ነው።

ምቱ ሲያርፍ ምን ይሆናል

ይህን ክፍል ዘላችሁ ወደ ደረጃዎቹ አትሂዱ። ደረጃዎቹ ትርጉም የሚሰጡት ይህ ሲገባችሁ ነው።

አንዱን ምት እንከተለው። ርዝመቱ 100 ናኖሰከንድ ያህል ነው፤ የሰከንድ አሥር ሚሊዮንኛ ማለት ነው። ብርሃኑ ብረት ውስጥ ጠልቆ አይገባም። ገና ላዩ ላይ፣ ከማይክሮን (ከሚሊሜትር ሺህኛ) በጣም ባነሰ ጥልቀት ተውጦ ሙቀት ይሆናል። ያ ሙቀት ምቱ እስኪያልቅ ድረስ ስቴንለስ ውስጥ የሚወርደው 1.3 ማይክሮን ገደማ ብቻ ነው። ከፀጉር ውፍረት ሃምሳ ጊዜ ያህል ይቀጥናል። መዳብ ሙቀትን ቶሎ ስለሚያሳልፍ በዚያው ቅጽበት ወደ 7 ማይክሮን ይወርድበታል። መዳብ ለምን እንደሚያስቸግር አሁኑኑ ገምታችሁ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ አለ። ምቱ ቀላል ከሆነ ያቺ ስስ ሽፋን ትሞቃለች፣ ቢበዛ ትቀልጣለች። ቀጣዩ ምት ሲደርስ ገና አልበረደችም። ሙቀቱ ይጠራቀማል፣ ብረቱ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ይዋሃዳል፣ ቀለም ያወጣል። ጠቆረ የምትሉት ይህን ነው።

ምቱ ከባድ ከሆነ ግን ሽፋኗ ሙቀቱን ወደ ታች ለማካፈል ጊዜ ሳታገኝ ትፈላለች። ብረት በ1538 ዲግሪ ይቀልጣል፣ በ2862 ዲግሪ ይፈላል። ተኑ በኃይል ወደ ላይ ሲወጣ ከሥሩ ያለውን ቀልጦ የተኛ ብረት ወደ ታች ይጫነዋል። ጠመንጃ ሲተኮስ ሰደፉ ትከሻን እንደሚመታው ነው። የተጫነው ቅላጭ ወደ ጎን ይሸሻል፣ የተወሰነውም ይረጫል። ጉድጓድ የሚወጣው በዚህ ግፊት ነው።

«ብርሃኑ ራሱ አይደል የሚገፋው?» የሚሉኝ አሉ። ብርሃን በእርግጥ ይገፋል። ግን 20 ዋት ሙሉ በሙሉ ቢንጸባረቅ እንኳ አማካይ ግፊቱ ከአንዲት የጤፍ ፍሬ ክብደት ከአሥር እጥፍ በላይ ያንሳል። የሚቆፍርላችሁ ተኑ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፋይበር ሌዘሩና ኮምፒውተሩ፣ ሌዘሩን ከሚያዝ ሶፍትዌር (ከኢዝካድ ወይም ከላይትበርን) ጋር
- 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የስቴንለስ ላሜራ፣ 6 በ6 ሴንቲሜትር የተቆረጠ፣ ሦስት ወይም አራት ቁራጭ
- በእጃችሁ ካለ ትንሽ የነሐስ (ብራስ፣ መዳብና ዚንክ የተቀላቀለበት) እና የአሉሚኒየም ቁራጭ
- አልኮልና ጥጥ
- ካሊፐርና የብረት ማስመሪያ
- አጉሊ መነጽር (የወርቅ ሠሪዎቹ አንድ ዓይን ላይ የሚያደርጉት በጣም ጥሩ ነው)
- የሌዘር መነጽር፣ ላዩ ላይ 1064 እና ኦዲ (ጨረሩን ምን ያህል እንደሚያዳክም የሚነግር ቁጥር) 6 ወይም ከዚያ በላይ የሚል የተጻፈበት
- ጭሱን ከምንጩ ስቦ ወደ ውጭ የሚያወጣ መሳቢያ
- ደብተርና እስክሪብቶ

ደብተሩን እንዳትንቁት። ያለ እሱ በሚቀጥለው ወር ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

ማስጠንቀቂያ

ይህ ጨረር አይታይም። ዓይን ውስጥ ሲገባ ግን የዓይናችን ሌንስ ልክ እንደሚታይ ብርሃን ሰብስቦ ሬቲና ላይ ያሳርፈዋል። ሬቲና ሕመም አይሰማውም። ጉዳቱን የምታውቁት ማየት ሲያቅታችሁ ነው። ከሚያብረቀርቅ ብረት ተንጸባርቆ የመጣውም ያው ነው። ቀዩ ነጥብ ማነጣጠሪያ ብቻ ነው፤ እሱ ስለማይጎዳ ሌዘሩም አይጎዳም ብሎ የሚያስብ ሰው አጋጥሞኛል።

መነጽር ስትገዙ ቁጥሩን አንብቡ። ለእንጨትና ለፕላስቲክ መቁረጫው ሌዘር የተሠራው ጥርት ያለ መነጽር 1064ን ያሳልፋል። አድርጋችሁትም አላደረጋችሁትም ለውጥ የለውም። አጠገባችሁ የቆመው ደንበኛም መነጽር ያስፈልገዋል። ከሌለው ከክፍሉ ይውጣ።

ጭሱ የብረት ጭስ ነው። ስቴንለስ ውስጥ ክሮምየምና ኒኬል አለ። ነሐስና ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ የዚንክ ጭስ ያወጣሉ፤ እሱን የሳበ ሰው ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ጉንፋን የያዘው ይመስለዋል። ቬንትሌተር ጭሱን ክፍሉ ውስጥ ያዞረዋል እንጂ አያስወጣውም። ፒቪሲ የተለበጠበት ብረት ከሆነ ጭራሽ አትንኩት፤ ክሎሪን ያለበት ጋዝ ይወጣል፣ ለሳንባም ለማሽኑም መርዝ ነው።

አንድ ሌላ ነገር። ለቲክቶክ ስትቀርጹ ስልኩን ቅርብ አታድርጉ። የተንጸባረቀ ጨረር የካሜራውን ሴንሰር ያቃጥላል፣ ከዚያ በኋላ በየፎቶው ላይ ነጥብ አብሯችሁ ይኖራል።

ደረጃዎቹ

1. መብራቱንና ግራውንዱን አስተካክሉ። ማሽኑን ግራውንድ ካለው ሶኬት ጋር አገናኙ። መብራት የሚዋዥቅበት ሰፈር ከሆናችሁ ስታብላይዘር፣ ለኮምፒውተሩ ደግሞ ዩፒኤስ ይኑራችሁ። ሥራ መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ያንኑ ጽሑፍ በትክክል ያው ቦታ ላይ መልሶ ማሳረፍ ከባድ ነው፣ ዕቃው የደንበኛ ከሆነ ደግሞ ከፋዩ እናንተ ናችሁ።

2. ላሜራውን በአልኮል ጥረጉ። የጣት ቅባት ብርሃኑን ከብረቱ በተለየ መጠን ይውጣል፣ ይቃጠላል፣ ቡናማ ጥላ ይተዋል። ፈተናችሁን የሚያበላሸው ይህ ጥላ ነው፤ ብረቱ ቀለም ያወጣ ይመስላችኋል።

3. ፎከሱን፣ ማለትም ጨረሩ በጣም የሚጠብበትን የሌንስ ቁመት፣ በተዳፋት ፈልጉ። ከሁሉም በላይ ጊዜ የምትሰጡት ለዚህ ደረጃ ይሁን። የእነዚህ ማሽኖች ነጥብ ፎከስ ላይ 50 ማይክሮን ገደማ ስፋት አላት። ቁመቱን 1 ሚሊሜትር ብቻ ብትስቱ የነጥቧ ስፋት በቦታ ሁለት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ያው ኢነርጂ ሁለት እጥፍ ቦታ ላይ ሲበተን ጥንካሬው በግማሽ ይወርዳል። «አይቆፍርም» ብለው ከሚጽፉልኝ ሰዎች ብዙዎቹ ችግራቸው እዚህ ያልቃል። ከማሽኑ ጋር የመጣው ማስመሪያ ወይም ሁለቱ ቀይ ነጥቦች ትክክል ናቸው ብላችሁ አትመኑ።

እንዲህ አድርጉ። ላሜራውን አንድ ጫፉን 10 ሚሊሜትር ከፍ አድርጋችሁ አዘንብሉት። ግምታችሁ የሆነው ፎከስ መሃሉ ላይ ይረፍ። ከታችኛው ጫፍ እስከ ላይኛው አንድ ቀጥ ያለ መስመር በ20 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 20 ሺህ ምት) እና በ500 ሚሊሜትር በሰከንድ አስምሩ። መስመሩ ዳርና ዳሩ ላይ ወፍራምና ደብዛዛ፣ አንድ ቦታ ላይ ቀጭንና ጥልቅ ይሆናል። ያ ቦታ ፎከሱ ነው። ከሌንሱ እስከዚያ ነጥብ ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለክታችሁ ደብተሩ ላይ ጻፉ። ከመለካታችሁ በፊት ሌዘሩ መጥፋቱን አረጋግጣችሁ ነው እጃችሁን የምትከቱት።

ጆሮም ይረዳል። ፎከስ ላይ ድምፁ ስል ሆኖ ይጮኻል፣ ከፎከስ ሲወጣ ይታፈናል። ይህ የብረቱ ተን አየሩን ሲመታ የሚሰማ ድምፅ ነው። የለመደ ሰው ቁመቱን በጆሮው ብቻ ያስተካክላል።

4. የአንድ ምት ኢነርጂ አስሉ። ዋቱን በፍሪኩዌንሲው፣ ማለትም በሰከንድ በሚወጡት ምቶች ብዛት፣ አካፍሉ። ሌላ ቀመር የለም።

- 20 ዋት በ20 ኪሎኸርዝ፦ 1 ሚሊጁል በምት
- 20 ዋት በ40 ኪሎኸርዝ፦ 0.5 ሚሊጁል
- 20 ዋት በ80 ኪሎኸርዝ፦ 0.25 ሚሊጁል

1 ሚሊጁል ትንሽ ይመስላል። ግን በ100 ናኖሰከንድ ውስጥ ስለሚለቀቅ ለዚያች ቅጽበት ኃይሉ 10 ኪሎዋት ነው። ያውም ዓይን በጭንቅ በምታያት ነጥብ ላይ። ወደ ስኩዌር ሴንቲሜትር ስንመነዝረው በስኩዌር ሴንቲሜትር 50 ጁል ገደማ ይሆናል። በ80 ኪሎኸርዝ ይህ ወደ 13 ይወርዳል። ስለዚህ ፓወሩን መቶ ፐርሰንት አድርጎ ፍሪኩዌንሲውን 80 ላይ የተወ ሰው ሙሉ ዋቱን እያወጣ ነው፣ ግን በእፍኝ በእፍኝ ሳይሆን በቁንጥር በቁንጥር እየበተነው ነው።

ከ20 ኪሎኸርዝ በታች መውረድስ? እንዲህ ባሉት ማሽኖች ምቱ ከ1 ሚሊጁል በላይ እንዳይሸከም ስለሚገደብ ያለው ለውጥ የምቶቹ ቁጥር መቀነስ ነው። ሥራው ይዘገያል እንጂ አይጠነክርም።

5. በምቶቹ መካከል ያለውን ርቀት አስሉ። ፍጥነቱን በፍሪኩዌንሲው አካፍሉ። በ1000 ሚሊሜትር በሰከንድና በ20 ኪሎኸርዝ አንዱ ምት ከሌላው 50 ማይክሮን ይርቃል። ነጥባችን 50 ማይክሮን ስለሆነች ምቶቹ ጎን ለጎን ይነካካሉ። በ1600 ሲሆን ተለያይተው ነጠብጣብ ይሆናሉ። በ100 ሚሊሜትርና በ80 ኪሎኸርዝ ግን ርቀቱ 1.25 ማይክሮን ነው፤ አንዷ ቦታ 40 ጊዜ ትመታለች፣ ያውም በየ12.5 ማይክሮሰከንዱ። ለመብረድ ጊዜ የላትም።

6. የፈተና ሰሌዳ ሥሩ። አምስት በአምስት፣ 25 ትንንሽ ካሬ። የእያንዳንዱ ጎን 6 ሚሊሜትር፣ በመካከላቸው 2 ሚሊሜትር። ሃቹ፣ ማለትም በመሙያ መስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት፣ 0.05 ሚሊሜትር ይሁን። ፓወሩ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት፣ 80 ፐርሰንት ይሁን።

ወደ ታች ፍሪኩዌንሲውን ቀያይሩ፦ 20፣ 30፣ 40፣ 60፣ 80 ኪሎኸርዝ። ወደ ጎን ፍጥነቱን፦ 100፣ 200፣ 400፣ 800፣ 1600 ሚሊሜትር በሰከንድ። ሁለት ነገር ብቻ የሚለወጥበት ምክንያት አለው። ፓወሩንም አብራችሁ ከቀያየራችሁ የትኛው ምን እንዳመጣ አታውቁም። ካሬዎቹን በተከታታይ ሳይሆን አንዱን ከዚህ አንዱን ከዚያ እያደረጋችሁ ሥሩ፤ የጎረቤቱ ሙቀት ቀጣዩን እንዳያሳስት።

7. ሰሌዳውን አንብቡ። መጀመሪያ በጥፍር። ጥፍር የሚይዘው ካሬ ተቆፍሯል፣ ያለ ምንም እንቅፋት የሚያንሸራትተው ሞቋል ብቻ። ቀጥሎ በአጉሊ መነጽር። ግራጫ ወይም ነጣ ያለ፣ ዳርቻው ላይ እንደ ከንፈር ከፍ ያለ ጠርዝ ያለው ከሆነ ቅላጩ በግፊት ወደ ጎን ሸሽቷል። ቢጫ፣ ቡናማ፣ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ሆኖ ላዩ ለስላሳ ከሆነ ሙቀት ነው። በላይኛው ረድፍ ግፊቱ፣ በታችኛው ግራ ጥግ ሙቀቱ ይነግሣል። በመካከላቸው ያለው ድንበር በእናንተ ማሽን የት እንደሆነ ምልክት አድርጉበት።

8. የምትፈልጉትን መንገድ ያዙ።

*ጥቁርና ለስላሳ ጽሑፍ ለሚፈልግ።* 80 ኪሎኸርዝ፣ ከ100 እስከ 200 ሚሊሜትር በሰከንድ፣ እና ሌንሱን ከፎከስ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ከፍ አድርጉ። እዚህ ፎከሱን ሆን ብላችሁ ትስታላችሁ። ነጥቧ ስትሰፋ ምቱ ብረቱን ማፍላት ያቅተዋል፣ ማሞቅ ግን ይችላል። ቀስ ብላችሁ፣ አንዴ ብቻ እለፉበት። ሁለተኛ ማለፍ ቀለሙን ብዙ ጊዜ ያበላሸዋል።

*ጥልቀት ለሚፈልግ።* 20 ወይም 30 ኪሎኸርዝ፣ ከ500 እስከ 1000 ሚሊሜትር በሰከንድ፣ በትክክለኛው ፎከስ፣ ደጋግማችሁ እለፉ። በየዙሩ የሃቹን አቅጣጫ ቀይሩ፦ 0፣ 45፣ 90፣ 135 ዲግሪ። ካልቀየራችሁ ቅላጩ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይከማችና ወለሉ እንደ እርሻ ትልም ይሆናል። በየአምስት ዙሩ አንድ ጊዜ በ2000 ሚሊሜትር ፈጣን ጽዳት አድርጉ፤ የተረፈውን ጥላሸት ያራግፋል። ጥልቀቱ ግማሽ ሚሊሜትር ሲደርስ ሌንሱን ግማሽ ሚሊሜትር ዝቅ አድርጉ። በካሊፐሩ ጭራ ለኩ እንጂ አትገምቱ።

9. ሰሌዳውን አስቀምጡ። ጀርባው ላይ ቀኑን፣ የብረቱን ዓይነትና የፎከሱን ቁመት በራሱ በሌዘሩ ጻፉበት።

ስለ ሌሎቹ ብረቶች

ስቴንለስ በዚህ የሞገድ ርዝመት ከሚያርፍበት ብርሃን ሲሶውን ያህል ይውጣል። አሉሚኒየምና መዳብ አብዛኛውን ይመልሱታል፣ የዋጡትንም ሙቀት በፍጥነት ያካፍሉታል። ስለዚህ ለሁለቱም 20 ኪሎኸርዝና ትክክለኛ ፎከስ ግድ ነው። መዳብ መጀመሪያ እምቢ ይላል። ላዩ አንዴ ከሻከረ ግን ብዙ ብርሃን መዋጥ ይጀምርና ሥራው ይቀላል። ቀለም የተነከረ አሉሚኒየም ደግሞ የበዓል ቀን ሥራ ነው፤ ቀለሙ ብቻ ስለሚነሣ አንድ ፈጣን ዙር ይበቃዋል።

እንደ መስታወት የተወለወለ መዳብ ወይም ነሐስ በሌንሱ ትክክለኛ መሃል ሥር ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አታስቀምጡ። ጨረሩ በመጣበት መንገድ ተመልሶ ምንጩን ሊጎዳ ይችላል። ዕቃውን ከመሃል ጥቂት ሴንቲሜትር ወደ ጎን አሽሹት።

ነሐስ ውስጥ ያለው ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል፣ መዳቡ ግን በ2562። ዚንኩ ቀድሞ እየፈነዳ ስለሚወጣ ቁፋሮው ፈጣን ነው፣ ዙሪያው ግን በዱቄት ይሸፈናል። ጭስ መሳቢያውን አስጠጉት።

የተለመዱ ስሕተቶች

ስስ ላሜራ ጎበጠ። የብረት ቢዝነስ ካርድ የሚሠሩ ሁሉ ይህን ያውቁታል። «ጨረሩ ገፍቶ አጎበጠው» ይላሉ። ዕቃውን አንሥታችሁ ተመልከቱት። ጫፎቹ ወደ ላይ፣ ወደ ሌዘሩ ነው የታጠፉት። ግፊት ቢሆን ኖሮ ወደ ታች በታጠፉ ነበር። የሆነው ሌላ ነው። ላይኛው ሽፋን ሞቆ መስፋት ፈለገ፣ ከሥሩ ያለው ቀዝቃዛ ብረት አላሰፋ አለው፣ እዚያው ተጨመቀ። ሲበርድ አጠረና ጫፎቹን ወደ ራሱ ሳበ። መፍትሔው ሙቀቱን መቀነስ ነው። ላሜራውን ወፍራም አሉሚኒየም ላይ በደንብ እሰሩት፣ ሥዕሉን ከፋፍላችሁ ተራርቀው ያሉትን ክፍሎች በየተራ ሥሩ፣ ፍጥነቱን ጨምሩ። ከጎበጠ በኋላ ጀርባውንም ተመሳሳይ ቦታ ላይ መሥራት ብዙውን ያቃናዋል።

ጽሑፉ ዛገ። ይህን እኔው ከፍዬበታለሁ። ለአንድ ምግብ ቤት ደርዘን ቢላዋ ላይ ስም ጻፍኩ። ጥቁሩ እንዲደምቅ ብዬ በ50 ሚሊሜትር በሰከንድ አንፈቀፈቅኩት። ሦስት ሳምንት አልቆየም፣ ፊደሎቹ ብቻ ዝገው ተመለሱልኝ። ስቴንለስ የማይዝገው ክሮምየሙ ላዩ ላይ ስስ መከላከያ ስለሚሠራ ነው። ከመጠን በላይ ሲሞቅ ያ መከላከያ ይበላሻል። ውሃና ጨው ለሚነካው ዕቃ ጥቁሩ ከመጣ በቂ ነው፤ ይበልጥ አትጨምሩ። አንድ ናሙና ጨው ውሃ ውስጥ ለሁለት ቀን አሳድራችሁ እዩ።

ውሃ አድርጎ መሞከር። ብረቱ ላይ ስስ ውሃ ካለ ተኑ በነፃ እንዳያመልጥ ስለሚያፍነው ግፊቱ ይበልጣል፤ የአውሮፕላን ሞተር ክፍሎችን የሚያጠነክሩ ፋብሪካዎች ይህን ይጠቀሙበታል። የእነሱ ምት ግን ከእኛ በብዙ ሺህ እጥፍ የከበደ ነው። እኛ ዘንድ ውጤቱ ሌንስ ላይ የሚረጭ ቆሻሻ ውሃ ነው። ተዉት።

ትናንት የሠራው ዛሬ እምቢ አለ። ቅንብሩን ከመነካካታችሁ በፊት ሌንሱን እዩት። የብረት ጭስ ያርፍበታል፣ ብርሃኑን ይውጣል፣ ከቆየ ሌንሱንም ይሰነጥቀዋል። ማሽኑን አጥፍታችሁ፣ አቧራውን መጀመሪያ በአየር ነፍታችሁ፣ ከዚያ በንጹሕ አልኮልና በሌንስ ወረቀት ከመሃል ወደ ዳር ጥረጉት። በሸሚዝ ጫፍ አይሆንም። ከጸዳም በኋላ ካልተስተካከለ የድሮውን የፈተና ሰሌዳ አውጡ፣ አጠገቡ አዲስ ሥሩና አወዳድሩ። ድንበሩ ከቦታው ከተንቀሳቀሰ መጀመሪያ ፎከሱን በተዳፋት እንደገና ፈልጉ፣ ከዚያ በኋላ ነው ቴክኒሻን የሚጠራው።